አማቴ ቡና ተከለከሉ፤ ጦስኝ እንዴት ላቅርብላቸው?

ጠያቂ፦ የኮዬዋ ምራት

ጤና ይስጥልኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። አማቴ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ መጥተው እኛ ጋ ከሰነበቱ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ደም ግፊት አለባቸው። እዚህ ያየቻቸው ሐኪም ኪኒን አዘዘችና "ቡና ለጊዜው ይቅርብዎ" አለቻቸው።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እሳቸው በቀን ሦስቴ ቡና የሚጠጡ ሰው ናቸው። እኔም ብልህ መስሎኝ ከሱፐርማርኬት በከረጢት በከረጢት የታሸገ ጦስኝ ገዝቼ አፈላሁላቸው። አንዴ ፉት አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡት። "የኔ ልጅ፣ ጦስኝማ እኛ አገር በግ የሚረግጠው ነው። ለእንግዳ ጦስኝ የሚያፈላ ቡና ያለቀበት ቤት ነው" አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሌላም አለ። ብሎካችን ላይ ቡና የምናፈላው በየተራ ነው። ጎረቤት "ቡና ጠጡ" ብላ ስትጠራ እሳቸው ንቅንቅ አይሉም። ባዶ እጄን ተቀምጬ የሰው አፍ አላይም ይላሉ። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ናቸው። ትናንት አንዷ "ምነው እናትየው ናቁን እንዴ?" አለችኝ።

እና ጦስኝ በወጉ እንዴት ነው የሚፈላው? ጥሩው የት ይገኛል? ሰው ቤት ቡና ላይ የራሳችንን ጦስኝ ይዘን ብንሄድስ ነውር ነው?

የመንዝ ልጅ (ለገጣፎ)

አማትሽ እውነታቸውን ነው፣ አትቀየሚያቸው። እኛ አገር ጦስኝ ማንም አይዘራውም፣ ማንም አያርመውም። ሜዳው ላይ ተነጥፎ ነው ያለው። ጠዋት በጎቹ ሲወጡ ሽታው ከኮቴያቸው ሥር ይነሳል። ቡና ግን ለመንዝ ብርድ አይመችም። ከገበያ በገንዘብ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ስለዚህ እንግዳ የሚከበረው በቡና ነው። ጦስኝ የሚፈላው ጉንፋን ሲይዝ፣ ሆድ ሲነፋ፣ ወይ ደግሞ ማታ ብርዱ ሲጸና ለቤተሰብ ነው። ሽሮና በርበሬ ውስጥም ይገባል፤ እሱን ማንም አይንቅም! አንቺ "በቡና ፋንታ" ብለሽ ስታቀርቢው ደረጃዬን ቀነሰችው ብለው ነው የሚያስቡት።

አፈላሉ ቀላል ነው። ደረቁን በእጅሽ መዳፍ አሸት አሸት አድርጊና በወንፊት ንፊው። አፈርና እንጨት አያጣውም። ውኃው ሲፈላ ከእሳት አውርጂ። ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሪና ክደኚው። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። እሳት ላይ ካንተከተክሽው ሽታው ወጥ ቤቱን ያውደዋል እንጂ ብርጭቆው ውስጥ መራራ ውኃ ነው የሚቀርሽ።

የከረጢቱን ተዪው፣ ብናኝ ነው። ሾላ ወይም መርካቶ ቅመም የሚሸጡት ጋ አለ። በደብረ ብርሃን መንገድ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ግን ጣርማ በር ላይ ያምጣልሽ፤ መንገድ ዳር ይሸጣል። ስትገዢ በጣትሽ ፈትጊው። አፍንጫሽን ካልመታው የከረመ ነው። ከነሥሩ የተነቀለውን ደግሞ አትግዢ፤ አፈሩም ይበዛል፣ ሜዳውም እየተራቆተ ነው።

ነርስ ነኝ (አቃቂ)

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አማትሽ ቡናቸውን በምን ነበር የሚጠጡት? በጨው ከሆነ ከቡናው ይልቅ የሚያሳስበኝ ጨው ነው። ከገጠር የሚመጡ ብዙ እናቶች ስኳር ሲነሱ እሺ ይላሉ፣ የሲኒዋን ጨው ግን ማንም አይጠይቃቸውም። በቀን ሦስቴ፣ ሦስት ሦስት ሲኒ፣ በየሲኒው ቆንጠር ቆንጠር ከተደረገ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ወጡ፣ ሽሮውና ዳቦው ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። ጦስኙንም በጨው ካደረጉት ምን ተረፈ?

ጦስኝ ግፊት ያወርዳል ሲባል እሰማለሁ። በአይጥ ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሉ፤ እነሱ ግን ኪኒን አስጥለው የሚያስጠጡ አይደሉም። አንድ ሁለት ብርጭቆ ለብዙ ሰው ችግር የለውም። ከሌላ መድኃኒት ጋር ከሆነ ግን ለሐኪሟ ንገሯት። ክፍላችን ውስጥ "ጦስኝ እየጠጣሁ ስለተሻለኝ ኪኒኑን ተውኩት" የሚል ሰው በየሳምንቱ አናጣም። ግፊቱ ሲለካ ግን ሌላ ነው። በዚህ ቀልድ የለም።

ዳማ ከሴ

ጦስኙ ላይ ዳማ ከሴ ጨምሪበት፣ አያቴ እንደዚያ ታደርግ ነበር።

የመንዝ ልጅ (ለገጣፎ)

ወንድሜ፣ ዳማ ከሴ ለምች ነው። ተጨምቆ ይሸተታል፣ ጭማቂው ቡና ላይ ጠብ ይደረጋል። ሴትየዋ ምች አልመታቸውም፤ የመታቸው ምራታቸው ናት።

ባለ ጀበናዋ (ቱሉ ዲምቱ)

እኔ የጀበና ቡና ነው የምሸጠው። ጨጓራ ያለበትም፣ ግፊት ያለበትም፣ ማታ እንቅልፍ እምቢ ያለውም ጦስኝ ይለኛል። ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ጥያቄሽ ልንገርሽ።

ነውሩ ጦስኙ አይደለም፣ ፔርሙሱ ነው። ሰው ቤት ቡና ላይ ፔርሙስ ይዘሽ ከገባሽ ሆስፒታል በሽተኛ ልትጠይቂ የሄድሽ ነው የምትመስዪው። ባለ ቤቷም ቤቴ ምን ጎደለ ትላለች። እንዲህ አድርጊ። ጠዋት ላይ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ደረቁን ጦስኝ በትንሽ ዕቃ ለተረኛዋ ስጫት። "እናታችን ቡና ተከልክለዋል፣ አንድ ሲኒ ከእጅሽ ይጠጡ" በያት። በራሷ እሳት አፍልታ፣ በራሷ ሲኒ፣ ከሰው እኩል ትቅዳላቸው። አቦል ሲቀዳ አቦል፣ ቶና ሲቀዳ ቶና። ብርጭቆ እንዳይሆን አደራ! ሁሉም ሲኒ ይዞ እሳቸው ብቻ ብርጭቆ ከያዙ ያው ተለዩ።

ጀበናው ለብቻ ይሁን። ሸክላ ሽታ ይይዛል። ቡና በለመደ ጀበና ጦስኝ ብታፈዪ ሁለቱም ይበላሻሉ። እኔ ትንሿን አንገቷ የተሸረፈችውን ለጦስኝ ለይቻታለሁ።

ጡረተኛው (ሰንዳፋ)

ልጆቼ፣ የሴትየዋን ነገር ሳስበው አንጀቴን በላኝ። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ቡና ተከልክያለሁ። የከበደኝ መጠጡ አልነበረም። ቡናው ሲቆላ ማንም ማንከሽከሻውን ወደኔ ማምጣት ተወ። ለካ ጭሱን ማሽተት አልተከለከልኩም! ቆሎም አልተከለከልኩም።

ስለዚህ አንቺ ልጅ፣ ስትጠሩ መጀመሪያ እሳቸውን አስቀምጡ። የተቆላው ቀድሞ ለእሳቸው ይዙርላቸው። ምርቃቱንም ለእሳቸው ስጡ። በዕድሜ የሚበልጣቸው ከሌለ መመረቅ የእሳቸው ነው። "ይመርቁን" ተብሎ የተጠየቀ ሰው እጁ ባዶ መሆኑን ይረሳዋል። በእርግጥ አንድ አቦል ብቻ ብትጠጣ ምን ትሆናለች የሚል ሐሳብ ነበረኝ፤ ነርሷ ትቆጣኛለች ብዬ ተውኩት።

ነርስ ነኝ (አቃቂ)

ጋሼ፣ አልቆጣም። እሱን ግን ሐኪሟ ትወስን።

ስድስተኛ ወሬ

ከርዕስ ልውጣና ይቅርታ። እርጉዝ ነኝ። ጎረቤቴ ቡናው ላይ ጤና አዳም ጣል ታደርጋለች፣ ልጠጣ?

ነርስ ነኝ (አቃቂ)

እህቴ፣ አንቺ ያለ ጤና አዳም ጠጪ። ማህፀን ሊያነሳሳ ስለሚችል ለእርጉዝ አይመከርም። ሲኒሽ ላይ እንዳይገባ ቀድመሽ ንገሪያት። ቡናውንም ቢሆን ቀነስ አድርጊው።

የበረንዳ ገበሬ (ጀሞ)

ጦስኝ በረንዳ ላይ ይበቅላል። የመጀመሪያዬን ውኃ አብዝቼ ገደልኩት። ሁለተኛውን ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ አፈር አድርጌ፣ ታቹ የተበሳ ባልዲ ላይ ተከልኩት። ፀሐይ ይወዳል። አፈሩ ሳይደርቅ አታጠጪው። ለአማትሽ ደግሞ ሥራ ይሆናቸዋል።

የኮዬዋ ምራት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ነርሷ፣ በጨው ነው የሚጠጡት! ባለቤቴን ስጠይቀው "እና በምን ይጠጣል?" አለኝ። ለሐኪሟ በስልክ ነግረናታል፤ አሁን ቤት ውስጥ ጨው ከእኔ እጅ አይወጣም። እሳቸው ሽሮው አልጫ ሆነ እያሉ ነው።

ቅዳሜ ተረኛዋ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ነበረች። ጠዋት ጦስኙን ወስጄ ሰጠኋት፣ ከሾላ የገዛሁትን። ሁለቴ ነፍቼው ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ልጇን ልካ "እማማን ይዘሽ ነይ፣ የሚመርቅ ሰው የለንም" አለች። ጋሼ፣ ቃሉን ከእርስዎ ነው የሰረቅነው። አማቴ ነጠላቸውን ጣል አደረጉና ከእኔ ቀድመው ወረዱ፤ ለወትሮው ደረጃው ጉልበቴን ይሉ ነበር።

መረቁ። ረዘም ያለ ነው፤ በመሐል ጀበናው ገንፍሎ ነበር። ከዚያ ሲኒያቸውን ተቀበሉ። ሁላችንም አፍ አፋቸውን እያየን ነው። ፉት አሉ፣ ዝም አሉ፣ ደገሙት።

"ይሄ የአምና ነው" አሉ። "ማን ነው የገዛው?"

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ከዚያ ጥሩ ጦስኝ እንዴት እንደሚለይ፣ የትኛው ዳገት ላይ እንደሚሻል፣ ሲያብብ ንቡ እንዴት እንደሚወርረው እስከ በረካ ድረስ አወሩልን። ሁለት ጎረቤቶች በሚቀጥለው ለእኛም ይቀዳልን ብለዋል።

አሁን አማቴ መሐል ሜዳ ደውለው አንድ ኩንታል ላኩልኝ ብለዋል። ባለቤቴ አንድ ኩንታል ጦስኝ ምን ያህል እንደሚሆን ያልገባቸው መስሎት ነበር፤ ገብቷቸዋል። ለጎረቤት ሁሉ ነው። የመንዝ ልጅ፣ ይሄን ያህል ጦስኝ እርጥበት ሳይነካው ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው?

የመንዝ ልጅ (ለገጣፎ)

በጆንያ ሆኖ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ። ላስቲክ ውስጥ እንዳታደርጊው፣ ይሻግታል። ሲመጣ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ለገጣፎ ላኪ።