ኮሌጅ አልጀብራ ልያዝ ወይስ ፕሪካልኩለስ? ምዝገባው ሐሙስ ይዘጋል

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም የሀገሬ ልጆች። እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ባሕር ዳር ነኝ። ሜሪላንድ ያለው ኮሌጅ ምዝገባው ሐሙስ ይዘጋል። አማካሪዋ «ኮሌጅ አልጀብራ ያዢ፣ ይቀልሻል» ብላኛለች። እኔ የምፈልገው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፤ እዚያ ደግሞ ካልኩለስ ግዴታ ነው። አልጀብራው 3 ክሬዲት፣ ለካልኩለስ የሚያዘጋጀው ፕሪካልኩለስ 5። ምንድን ነው የሚለያቸው? ክፍያው ከኪሴ ነው። በዚያ ላይ ወንድሜ ባጃጅ ግዢልኝ ብሎ ከመጣሁ ጀምሮ ፊቱን አጥቁሮብኛል። ያለኝ ገንዘብ ለሁለቱ አይበቃም።

ፔዳ 89፦
እህቴ፣ እኔ ከባሕር ዳሩ ኮሌጅ ከፔዳ በሒሳብ ተመርቄ አሁን ዴንቨር የኮሌጅ ተማሪ አስጠናለሁ። ሁለቱ ኮርሶች እስከ ግማሽ መንገድ አብረው ነው የሚሄዱት። ፈንክሽንና ግራፍ፣ ኳድራቲክ፣ ፖሊኖሚያል፣ ሎጋሪዝም በሁለቱም አሉ። ባንክ ያስቀመጥሽው ገንዘብ በዓመት 5 በመቶ እየወለደ፣ ወለዱም እየወለደ፣ መቼ እጥፍ ይሆናል ቢሉሽ በሎጋሪዝም 14 ዓመት ከጥቂት ወር ታገኛለሽ። ለዚህ አልጀብራው ይበቃል።
አሁን ግን ሐይቁ ዳር ውጪና ክብራን ገብርኤልን እዪው። ታንኳ ሳትሳፈሪ ርቀቱን ማወቅ ብትፈልጊ፣ ዳር ዳሩን 500 ሜትር ትለኪና ከሁለቱም ጫፍ ወደ ደሴቱ ያለውን አንግል ትይዣለሽ። የቀረውን የሳይን ሕግ ይጨርስልሻል። ትሪጎኖሜትሪ ማለት ይህ ነው። ኮሌጅ አልጀብራ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ የፕሪካልኩለስ ግን ትልቁ ክፍል እሱ ነው፤ ራዲያን፣ ዩኒት ሰርክል፣ አይደንቲቲ፣ ብዙ ቦታ ቬክተርም አለበት። ካልኩለስ የሚያስተምርሽ ሰው ሳይንና ኮሳይንን ታውቂያለሽ ብሎ ነው የሚጀምረው። ደግሞ ፕሪካልኩለስን ለሁለት ከፍለው የመጀመሪያውን ኮሌጅ አልጀብራ የሚሉ አሉ። ስለዚህ ስሙን ትተሽ ሲለበሱን፣ የኮርሱን የርዕስ ዝርዝር፣ አንብቢ።

እናት ሚኒሶታ፦
እኔ አማካሪ ሰምቼ ነው የተቃጠልኩት። አልጀብራውን በኤ ጨርሼ ካልኩለስ ልመዘገብ ስሄድ «ትሪጎኖሜትሪ የለሽም» ተባልኩ። ሌሊት ሌሊት አረጋውያን እየጦርኩ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበር። ነርሲንግ ወይም ቢዝነስ ቢሆን አልጀብራው ይበቃሽ ይሆናል። ለኮምፒውተር ግን እባክሽ አትሞክሪው።

የፖሊ ልጅ፦
አሥራ ሁለተኛን በናቹራል ከጨረሰች እኮ ሊሚትና ዴሪቬቲቭ፣ የካልኩለስን መጀመሪያ፣ አይታለች! ከየትኛው ኮርስ እንደምትጀምር የሚለየውን ፕሌስመንት ፈተና ትውሰድ። ጥሩ ካመጣች ሁለቱንም ትዘልላለች።

የሽምብጥ ልጅ፦
ናቹራል ነበርኩ፤ ግን 11 ዓመት ሆነኝ። ሳይን ስንት በስንት እንደሆነ እንኳ ጠፍቶኛል።

ፔዳ 89፦
ተቃራኒው ጎን በሃይፖቴንዩስ። አየሽ፣ አንድ ሳምንት ብታነቢ ይመለስልሻል።

የዘጌ ቡና፦
ከርዕሱ ስወጣ ይቅርታ። ክብራን የሚለውን ሳነብ እንባዬ መጣ። አባቴ በደንገል ታንኳ ከዘጌ እንጨት እየጫነ ባሕር ዳር ይሸጥ ነበር። ታንኳው ውሃ ሲጠጣና ሲከብድበት ዳር አውጥቶ ሽቅብ ያቆመዋል፤ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ እኛ ልጆች ሥሩ እንቀመጣለን። ከወጣሁ 9 ዓመቴ፤ ሲቀበር አልነበርኩም። እህቴ፣ ትምህርቱ የትም አይሄድም። ለወንድምሽ ባጃጁን ግዢለት፣ ራሱን ይቻል።

እናት ሚኒሶታ፦
ነፍሱን ይማረው። ግን ይህን ምክር አልቀበልም። እኔም ለወንድሜ ገዝቻለሁ። ዛሬ ጎማ፣ ነገ ሞተር፣ ከዚያ ቤንዚን ጠፋ እያለ መላኬ አልቆመም። እሷ ተምራ ደህና ሥራ ብትይዝ ለቤተሰቡ ሁሉ ትተርፋለች።

የዘጌ ቡና፦
ተምራ እስክትጨርስ እሱ ምን ይብላ? እናትየውን ቀን በቀን የሚያያት እሱ ነው። ሐኪም ቤት የሚወስዳት እሱ ነው። እኛ ዶላር እንልካለን እንጂ እጇን ይዘን አናውቅም።

የፖሊ ልጅ፦
እሱስ እውነት ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
አዎ፣ እናቴን የያዘልኝ እሱ ነው። ፕሌስመንቱን ከዚህ ሆኜ በኦንላይን መፈተን እችል ይሆን? ኔቱ ደህና የሚሆነው ሌሊት ብቻ ነው።

የዘጌ ቡና፦
ወንድምሽ መንጃ ፈቃድ አለው?