ፖከር ላይ ተከታታይ ይዤ እንዴት ተበላሁ?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቴክሳስ ሆልደም (ሁለት ካርታ በእጅ ተይዞ፣ አምስት ደግሞ ለሁሉም ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋበት ፖከር) ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ገንዘብ የለበትም፣ በባዶ ቺፕ ነው የምንጫወተው፣ ግን መሸነፉ ያናድዳል። ትናንት 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ገጠመልኝና ያለኝን ሁሉ ገፋሁ። ያኛው አምስት የልብ ካርታ አሳይቶ ጠራርጎ ወሰደው፣ ቁጥሮቹ እኮ የተበታተኑ ናቸው! ደሞ ሁሌ ቀድሜ ቺፕ የምጨርሰው እኔ ነኝ። አንድም ዙር አያመልጠኝም፣ ምንድነው የማጠፋው?

በዋዡ፦ አልተሸወድክም። ያንተ ስትሬት ነው፣ ማለትም አምስት ተከታታይ ቁጥር፣ የሱ ፍላሽ፣ ማለትም አምስት ካርታ ባንድ ምልክት፣ ፍላሽ ይበልጣል። ደንቡ ብርቅ የሆነው ይብለጥ ነው። ከ52 ካርታ አምስት ሲወጣ ስትሬት በ10,200 መንገድ ይመጣል፣ ፍላሽ ግን በ5,108 ብቻ። ከታች ወደ ላይ፦ ባዶ እጅ፣ ጥንድ፣ ሁለት ጥንድ፣ ሦስት ተመሳሳይ፣ ስትሬት፣ ፍላሽ፣ ፉል ሃውስ ማለትም ሦስት ተመሳሳይ ከጥንድ ጋር፣ አራት ተመሳሳይ፣ ስትሬት ፍላሽ። ወረቀት ላይ ጽፈህ አጠገብህ አስቀምጠው፣ አያሳፍርም።

ሠላሳ ሰባት፦ ሁለት ሰው ፍላሽ ካለው ደሞ የስፔድ ምልክት ያለው ይወስዳል።

በዋዡ፦ ኧረ በፍጹም! ሆልደም ላይ ምልክት አይበላለጥም። ትልቁን ካርታ የያዘ ነው የሚወስደው።

ዝምተኛዋ፦ ጠያቂው፣ ጠረጴዛው ላይ ስንት ልብ ነበር? ሦስት ካልወጣ ማንም ፍላሽ ሊኖረው አይችልም፣ በእጅ የሚያዘው ሁለት ብቻ ነዋ። ሦስት ከወጣና ሰውየው እየጨመረ ከሆነ ግን መጠርጠር ነበረብህ። ሁሉንም ዙር መግባቱንም ተው። 7 እና 2 ይዘህ ምን ትጠብቃለህ? ጣለው። የአስ ጥንድ እንደሆነ በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ እሱን ብቻ ጠብቅ እያልኩህ አይደለም። ትልልቅ ካርታና ጥንድ ሲደርስህ ግባ፣ በተለይ ተራህ መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ሌሎቹ ያደረጉትን አይተህ ነው የምትወስነው።

ጀማሪው፦ ሦስት ልብ ነበር 😅 የራሴን ብቻ ነበር የማየው። ሦስቱ ካርታ እንደተዘረጋ አራት ልብ ቢኖረኝ አምስተኛውን ልጠብቅ?

በዋዡ፦ ያላየሃቸው 9 ልቦች አሉ። ሁለቱም ቀሪ ካርታ እስኪወጣ ከቆየህ 35 በመቶ ገደማ ነው። ለመቆየት የሚጠይቁህ ቺፕ መሃል ካለው አንጻር ትንሽ ከሆነ ቆይ፣ ሁሉንም ግፋ ካሉህ ግን ብዙ ጊዜ መጣሉ ይሻላል።