ልጄ ከኦርኬስትራዋ ጋር ቪየና ልትሄድ ነው፤ የአባቷ ፈቃድ ላይ ተያዝን

ሰላም ወገኖቼ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ በሃይስኩሏ ኦርኬስትራ ቼሎ ትጫወታለች። በጁን ወር ቪየና 3 ሌሊት፣ ፕራግ 3 ሌሊት ይቆያሉ። ከልምምዱ ብዛት የግራ እጇ ጣቶች ጫፋቸው ደድሯል።

የጉዞው አዘጋጆች «ቪዛ አያስፈልግም» ብለውን ነበር። የአሜሪካ ፓስፖርት ላለው ልክ ነው። እሷ ግን ያላት ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው፤ የሸንገን ቪዛ (ኦስትሪያንና ቼክን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግል የጋራ ቪዛ) ግድ ነው። ሌሊቶቹ እኩል ስለሆኑና መጀመሪያ የምትገባው ቪየና ስለሆነ የምናመለክተው ለኦስትሪያ ነው። ቀጠሮው 19 ቀን ቀርቶታል። ኢንሹራንሱ፣ የባንክ ወረቀቱ፣ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ተሟልቷል።

የቀረው የአባቷ ፈቃድ ነው። እሱ ያለው አዲስ አበባ ነው። ፈርሞ በስልክ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ ማመልከቻ የሚቀበሉት ግን «የተረጋገጠ ዋናውን አምጪ» አሉኝ። አሁን ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተም አስመትቶ፣ በዲኤችኤል ሊልክ አስበናል። ሌላ ዙር ለመሞከር ጊዜ የለንም።

በዚህ ያለፋችሁ ወላጆች፣ ውጭ ጉዳይ የመታበት ወረቀት ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ይበቃል ወይስ አባትየው አዲስ አበባ ያለው የኦስትሪያ ኤምባሲ ራሱ ቀርቦ መፈረም አለበት?