የቴክ ፓኬጅ ሳዘጋጅ የኮንፊግ ፋይሎቹን የት ላስቀምጥ?

ፊደል ለቃሚ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለዴቢያን (የሊኑክስ ስርጭት ነው) የላቴክ ስታይልና ፎንት አንድ ላይ የያዘ ፓኬጅ እየሠራሁ ነው፤ ላቴክ በጽሑፍ ማቀናበሪያው በቴክ ላይ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም /ዩኤስአር/ሼር/ቴክኤምኤፍ ውስጥ ከተትኩት። አንዱ ተጠቃሚ የኅዳግ ልኬቱን እዚያው ፋይል ላይ ለውጦ ኖሮ፣ አፕዴት ሲያደርግ ድካሙ ሁሉ ጠፋ። ደንግጬ በአንዴ ሁሉንም ወደ /ኢቲሲ/ቴክኤምኤፍ አዛወርኩ። አሁን ደግሞ የቱ እንደሚነካ፣ የቱ እንደማይነካ የሚያውቅ የለም። የፎንት ማፑንም (የፎንት ስሞችን ከፎንት ፋይሎች ጋር የሚያገናኘውን ዝርዝር) ባስተካክል ባስተካክል ቴክ አሮጌውን ነው የሚያነበው። ምን ይሻለኛል?

ጥቅል ሠሪ፦ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ዘለልክ። ስለ እያንዳንዱ ፋይል «ማን ነው የሚለውጠው?» ብለህ ጠይቅ። አስተዳዳሪው የሚለውጠው /ኢቲሲ ይግባ። ማንም የማይነካው፣ ማለትም ስታይሉና ፎንቱ፣ /ዩኤስአር/ሼር ውስጥ ይቆይ። ማሽኑ ራሱ የሚያመነጨው (ፎርማት፣ የተጠናቀረ ማፕ) ቦታው /ቫር/ሊብ/ቴክኤምኤፍ ነው። ይህ ሦስተኛው ነው የሚረሳው፤ የመነጨ ፋይል /ኢቲሲ ውስጥ ካለ ሰው በእጁ ያርመዋል፣ በሚቀጥለው ማመንጨት ይጠፋበታል።

እኔ ብሆን /ኢቲሲን ባዶ እተወው ነበር። ቴክ ከ/ዩኤስአር/ሼር በፊት እሱን ስለሚያይ፣ መለወጥ የፈለገ ፋይሉን በዚያው ንዑስ መንገድ ይቅዳውና ኤምኬቴክኤልኤስአርን (የቴክን የፋይል ዝርዝር የሚያድሰውን ትእዛዝ) ያስኪድ።

የሩት ቁልፍ፦ በመጨረሻው አልስማማም። ሰውየው የቀዳውን ዲፒኬጂ (የዴቢያን ፓኬጅ ጫኙ) አያውቀውም። ከ2 ዓመት በኋላ አንተ ዋናውን ስታሻሽል እሱ በአሮጌው ቅጂ ይቀራል፤ የሚነግረውም የለም። ይልቅ ረጅሙ ዲፎልት /ዩኤስአር/ሼር ይቀመጥ፤ ስታይሉ መጨረሻ ላይ በ«ኢንፑትኢፍፋይልኤግዚስትስ» (ፋይሉ ካለ የሚያነብ የላቴክ ትእዛዝ) አንዲት አጭር ፋይል ከ/ኢቲሲ ይጥራ። እሷን ብቻ ኮንፋይል (ተጠቃሚ ከለወጠው ዲፒኬጂ ሳይጠይቅ የማይተካው ፋይል) አድርጋት። ዲፒኬጂ ጥያቄ የሚያነሣው ተጠቃሚውም አንተም ስትለውጧት ብቻ ነው፤ አጭር ስለሆነች ደግሞ ማነጻጸሩ አይከብድም።

ጥቅል ሠሪ፦ ይኼኛው ከእኔ ይሻላል፣ ተቀብያለሁ።

መስመር ቆጣሪ፦ ስለ ማፑ፦ «ኬፒኤስዊች -ኦል ፒዲኤፍቴክ.ማፕ» (ቴክ ፋይሉን የት የት እንደሚያገኘው የሚዘረዝር ትእዛዝ) በልና ስንት እንደሚወጣ እይ። ቀድሞ የተዘረዘረው ነው የሚነበበው።

ሌላም አለ፤ /ኢቲሲ/ቴክኤምኤፍ/ቴክኤምኤፍ.ዲ ውስጥ የቴክ ኮንፊግ ቁራጭ ማስቀመጥ ካሰብክ በስሙ መጀመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ትንሹ ነው የሚያሸንፈው። ብዙ ፕሮግራም ላይ የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል፣ እዚህ ግን ቀድሞ የተተረጎመው ይጸናል። እኔ 99 ብዬ ሰይሜ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ።

ፊደል ለቃሚ፦ ሁለት ወጣ! የመጀመሪያው የራሴ ሆም ፎልደር ውስጥ ነው። ድሮ አፕድማፕ-ዩዘርን (ማፑን ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የሚያመነጨውን ትእዛዝ) አንዴ አስኪጄ ነበር። አጠፋሁት፣ ፎንቱ መጣ። አጭሯንም ፋይል ሠራኋት፤ ግን ፓኬጁን እንደ አዲስ ስጭን ያዛወርኳቸው ፋይሎች አሁንም /ኢቲሲ ውስጥ አሉ።

የሩት ቁልፍ፦ አይሄዱም። ኮንፋይል የነበረ ፋይል ከፓኬጁ ቢወጣም ዲስክ ላይ ይቀራል፤ ቀድሞ ስለሚገኝም አዲሱን ይጋርደዋል። ሜንትስክሪፕት ፋይልህ (ፓኬጁ ሲጫን ወይም ሲሻሻል የሚሠሩ ትእዛዞች የሚጻፉበት) ውስጥ ለእያንዳንዳቸው «አርኤም_ኮንፋይል» ጻፍ። ያልተነካውን ያጠፋዋል፤ ተጠቃሚ የለወጠውን ግን በ«.ዲፒኬጂ-ባክ» ስም ያስቀርለታል።

ፊደል ለቃሚ፦ ጻፍኩ፣ ጫንኩ፣ ጸዳ። እግዜር ይስጥልኝ።

መስመር ቆጣሪ፦ ሌሎች ማሽኖች ላይ አፕድማፕ-ሲስን (ማፑን ለመላው ማሽን የሚያመነጨውን) ብቻ ተጠቀም እንግዲህ።