«እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል»፦ ሁለቱ እልፎች አንድ ቃል ናቸው?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን በግ ልገዛ ገበያ ወጥቼ ነበር። ሻጩ የመንዝ ሽማግሌ ናቸው። ብሩን ተቀብለው መቁጠር ጀመሩ። ሁሉም ባለ ሁለት መቶ ነው። «ሁለት መቶ፣ አራት መቶ፣ ስድስት መቶ፣ ስምንት መቶ፣ ሺ» ይሉና አምስተኛዋን አግድም ያስተኟታል። እንደገና ከሁለት መቶ ይጀምራሉ። መጨረሻ ላይ የተጋደሙትን ብቻ ቆጠሩ፣ አለቀ። እኔ በልቤ ስደምር እሳቸው ብሩን ኪሳቸው ከተዋል። «አባባ፣ ፈጠኑ እኮ!» ብላቸው «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል፣ ልጄ» አሉኝ።

ተረቱን የማውቀው እንጀራ ፍለጋ አገር ለሚለቅ ሰው ሲባል ነው። ለብር ቆጠራ ሲውል ገና መስማቴ ነው። ሁለቱ እልፍ አንድ ቃል ነው? ደግሞስ እንዲህ በትልቅ ቁጥር እየዘለሉ መቁጠር በአማርኛ ምን ይባላል?

የድሮ ቆሎ ተማሪ፣ ከመንዝ፦
አንድ አይደሉም። ድምፃቸው ገጠመ እንጂ ዘራቸው ለየቅል ነው። «እልፍ ማለት» ከአለፈ ነው፤ ግእዙ ኀለፈ። «ኃላፊ ጊዜ» ስንል ያቺ «ኀ» አሁንም አለች። ሁለተኛው ቁጥር ነው፣ 10,000። ዛሬ «እልፍ ሕዝብ» ስንል ብዙ ለማለት ነው፤ ማንም 10,000 ብሎ አይቆጥርም። ግእዝ ግን ይቆጥራል። ምልክቱን እዩት፦ ፼። ሁለት ፻ ተቃቅፈው ነው፤ መቶ ጊዜ መቶ። ለሺ የራሱ ምልክት የለውም፤ «አሥር መቶ» ብሎ ፲፻ ይጽፈዋል። 2018 ፳፻፲፰ ነው፣ ሃያ መቶ አሥራ ስምንት። ስለዚህ ግእዝ እልፍ የሚደርሰው በመቶ በመቶ እየተራመደ ነው። ሽማግሌው አውቀውትም ይሁን ሳያውቁት፣ ተረቱን ቦታው ላይ ጣል አድርገውታል።

አስተማሪ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። ክፍል ውስጥ «እየዘለሉ መቁጠር» እንላለን። እኔ አልወደውም። «ዘለልክ» ስለው ልጁ የተሳሳተ መስሎት ይደነግጣል። የቤቱ አነጋገር ይሻላል፦ «በሃያ አምስት በሃያ አምስት ቁጠር።» ቁጥሩን ደግመህ ከጠራኸው ሌላ ስም አያሻውም።

በሁለት በሁለት ሳስቆጥራቸው ያዛጋሉ። በ99 በ99 ሲሆን ግን ይነቃሉ። 99፣ 198፣ 297፣ 396፣ 495… የመቶ ቤቱ አንድ ሲወጣ የአንድ ቤቱ አንድ ይወርዳል፤ መሃል ያለችው 9 ንቅንቅ አትልም። ለምን ብዬ ስጠይቅ አንዱ ልጅ «መቶ ሰጥቶ አንድ መልስ መቀበል ነዋ!» አለ። እኔ ከዚህ የተሻለ አላስረዳም። በ125ም ሞክሩት። ስምንተኛው ላይ ድፍን ሺ ይመጣል፣ ከዚያ 125፣ 250፣ 375 እያለ ጅራቱ እንደገና ይዞራል።

ጠያቂ፦
«ማሰለስ»ስ አይሆንም?

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦
ማሰለስ ከሠለስቱ፣ ከሦስት ነው። ዛሬ መጥቶ፣ ነገ ቀርቶ፣ በሦስተኛው ቀን መመለስ። «ሳያሰልስ» የምንለውም ከዚያ ነው። አንድ ለመዝለል ይሆናል፣ 99 ለመዝለል ግን ጠበበ።

አስተማሪዋ እህቴ፣ ዙር ካነሳሽ አይቀር፣ የቤተ ክርስቲያን የበዓላት ማውጫ ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብም እኮ ይኸው ነው። ለየዓመቱ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉት። አበቅቴ በ11 በ11 ይሄዳል፣ 30 ሲሞላ ይገደፋል፦ 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25፣ 6… መጥቅዕ በ19 በ19፦ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5፣ 24… ጎን ለጎን አድርጊያቸው። 11 እና 19፣ 22 እና 8፣ 3 እና 27፤ ሁሌም 30። የ2018ም አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18 ነው። በ19 ዓመት ዙሩ ይታደሳል። እኛ በጣታችን ነበር የምንቆጥረው። ድምሩ 30 ካልመጣ ኩርኩም አለ።

ጠያቂ፦
ማታ በ99 በ99 ስቆጥር አመሸሁ። 990 ድረስ ሸጋ ነው። ቀጥሎ 1089 መጣና ያ መሃል ያለው 9 ጠፋ። ተበላሸ?

አስተማሪ፦
አልተበላሸም። ሁለት ሁለት አድርገህ ክፈለው፦ 10 እና 89፣ 11 እና 88፣ 12 እና 87። ፊትና ኋላውን ስትደምር እስከ 9900 ድረስ ሁሌም 99 ነው።

የድሮ ቆሎ ተማሪ፦
በግእዝ ብትጽፈው መክፈልም አያስፈልግህም ነበር። ፲፻፹፱፣ ፲፩፻፹፰፣ ፲፪፻፹፯። ፻ን እንደ አጥር ቁጠራት፤ በግራዋ ይወጣል፣ በቀኟ ይወርዳል።

ጠያቂ፦
ውይ! በሉ ጋሼ፣ እስከ ፼ ልሞክረው ነው።