ከቪየና ወደ ብራቲስላቫ በቡድን ለምትሄዱ፦ በባቡር፣ በአውቶቡስ ወይስ በጀልባ?

ለአንድ ሴሚስተር ቪየና የመጣ የልውውጥ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር መጀመሪያ የሚሄድባት ከተማ አብዛኛውን ጊዜ ብራቲስላቫ ናት። ቅርብ ናት፤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ። የገንዘብ ምንዛሪ ጣጣም የለባትም። ስሎቫኪያ ከ2009 ጀምሮ ዩሮ ነው የምትጠቀመው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቡዳፔስት ብትሄዱ ፎሪንት፣ ፕራግ ብትሄዱ ኮሩና ማሰብ አለባችሁ። ቪየና የገዛችሁት ሲምም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ያለ ተጨማሪ የሮሚንግ ክፍያ ይሠራል።

ስለዚህ መሄዱ ላይ ማንም አይከራከርም። ዋትሳፕ ግሩፑ የሚታመሰው «በምን እንሂድ?» ሲባል ነው። የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ ርካሹን ያዙ። ስድስት ሰባት ሆናችሁ ከሆነ ግን ከርካሹ ይልቅ በሰዓት የማያስረውን ትኬት ፈልጉ። ቡድን መቼም በሰዓቱ አይደርስም።

ለዚህ ነው ባቡሩን የምመርጠው። የኦስትሪያው የባቡር ድርጅት ኦቤቤ «ብራቲስላቫ ቲኬት» የሚባል የደርሶ መልስ ትኬት አለው። ከመሸጫ ማሽኑ ወይም ከስልክ መተግበሪያው ይገዛል። የአንድ የተወሰነ ባቡር ትኬት አይደለም፤ አንዱ ካመለጣችሁ ቀጣዩን ትሳፈራላችሁ። አድሮ በነጋታው መመለስም ይቻላል። የሄዳችሁበት ቀን የብራቲስላቫ ትራምና አውቶቡስም በዚያው ትኬት ነው። ይህን ብዙ ሰው ሳያውቅ ሌላ ትኬት ይገዛል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከቪየና ዋና ጣቢያ ብራቲስላቫ የሚገቡት ባቡሮች በሁለት መንገድ ነው የሚሄዱት። አንዱ በማርሼግ በኩል አድርጎ ዋናው ጣቢያ ይገባል። ሌላው በኪትዜ በኩል አድርጎ ከዳንዩብ ወንዝ ወዲያ ያለው ፔትርዛልካ ጣቢያ ይቆማል። ሰሌዳው ላይ ሁለቱም «ብራቲስላቫ» ይላሉ። ግማሹ ቡድን አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ይይዝና «የት ናችሁ?» ሲባባል አንድ ሰዓት ያልፋል። ትኬቱ በሁለቱም ስለሚሠራ ችግሩ የገንዘብ አይደለም፤ አስቀድማችሁ ተስማሙ ለማለት ነው። ከዋናው ጣቢያ አሮጌው ከተማ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከፔትርዛልካ በአውቶቡስ ድልድዩን መሻገር ይሻላል።

አውቶቡስ ቀድማችሁ ከያዛችሁ ብዙ ጊዜ ከባቡሩ ይረክሳል። ፍሊክስባስም ስሎቫክ ላይንስም ይሠሩበታል፤ መንገዱ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ፌርማታው ነው። ዳንዩብን የሚሻገረው ኤስኤንፒ ድልድይ ሥር የሚያወርዳችሁን ከያዛችሁ አሮጌው ከተማ አፍንጫችሁ ሥር ነው። ኒቪ የተባለው ዋናው የአውቶቡስ ጣቢያ ትንሽ ይርቃል፤ ስትገዙ የመውረጃውን ስም እዩ። ጉዱ ትኬቱ ሰዓት ያለው መሆኑ ላይ ነው። የአንድ ድርጅት አውቶቡስ በሩን ሲዘጋ አራታችን ውስጥ ነበርን። አምስተኛዋ ልጅ ቡናዋን ከፍ አድርጋ ይዛ በመስኮቱ በኩል ስትሮጥ እናያታለን። ሹፌሩ በእጁ ሰዓቱን አሳየንና ሄደ። እሷ ሌላ ትኬት ገዛች። ቀኑን ሙሉ ደግሞ ማን ሊቀሰቅሳት ይገባ እንደነበር ስንጨቃጨቅ ዋልን።

ጀልባው ትዊን ሲቲ ላይነር ይባላል። ከቪየና ሽቬደንፕላትዝ ተነስቶ ከአሮጌው ከተማ አጠገብ ያወርዳል። ወደ ታች ሲሄድ ከወንዙ ጋር ስለሚወርድ 75 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ሲመለስ ከወንዙ ጋር ስለሚታገል ይዘገያል። ከሦስቱ ውዱ እሱ ነው። በአውሮፓ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ አይሠራም። ከተማ እስክትወጡ ቀስ ይላል፤ ሰፊው ዳንዩብ ላይ ሲደርስ ግን ይበርራል። ገንዘቡ ካላችሁ በጀልባ ሂዱና በባቡር ተመለሱ። ደርሶ መልስ በጀልባ ግን ለተማሪ ኪስ አይመከርም።

ጉልበት ያላችሁ በዩሮቬሎ 6 የብስክሌት መንገድ መሄድ ትችላላችሁ። መንገዱ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ ስትመለሱ በባቡር። መኪና መከራየት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ለአውራ ጎዳና ኦስትሪያም ስሎቫኪያም የየራሳቸውን ክፍያ ይጠይቃሉ፤ መሃል ከተማ ማቆሚያ ማግኘትም ፈተና ነው።

ስለ ወረቀት፦ ሁለቱም አገሮች ሼንገን ውስጥ ናቸው። የኦስትሪያ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የረጅም ጊዜ ቪዛ ያለው ተማሪ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም። ቢሆንም ፓስፖርቱንና የፈቃድ ካርዱን ዋናውን ያዙ። መንገድ ላይ ፍተሻ አንዳንዴ አይጠፋም። የአውሮፓ ልጆች መታወቂያቸውን ብቻ ይዘው ሲወጡ አይታችሁ እንዳትዘናጉ። «ፎቶው ስልኬ ላይ አለ» ብሎ ነገር አይሠራም።

ማደር ወይስ በዚያው ቀን መመለስ? አሮጌው ከተማ ትንሽ ነው፤ ለእሱ ብቻ አንድ ቀን ይበቃል። ከመሃል ከተማ ወጣ ያለውን የዴቪን ቤተ መንግሥት ከጨመራችሁ እደሩ። ብራቲስላቫ ሙሽራ ሊሆኑ የተቃረቡ ወንዶች ከውጭ አገር በቡድን እየመጡ የሚጨፍሩባት ከተማ ናት። ቅዳሜ ማታ አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለ ሆስቴል መተኛት ዘበት ነው። ከጥቂት ፌርማታ ወዲያ ያለ አፓርታማ ለቡድን ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የአልጋውን ሳይሆን የመታጠቢያ ቤቱን ቁጥር ቁጠሩ።

«ብራቲስላቫ ካርድ» ይግዙ አይግዙ የሚለውም አለ። ካርዱ የከተማ ትራንስፖርትን፣ ብዙ ሙዚየሞችንና ከአስጎብኚ ጋር የእግር ጉብኝትን ይይዛል። ሙዚየም የሚወድ ቡድን ካላችሁ ያዋጣል። ካልሆነ የተማሪ መታወቂያችሁ ቅናሽ ይበቃል፤ ምክንያቱም ደስ የሚሉት ነገሮች አብዛኞቹ ነፃ ናቸው። የቤተ መንግሥቱ ግቢ በነፃ ነው። ቤተ መንግሥቱ በ1811 ተቃጥሎ ከመቶ ዓመት በላይ ፍርስራሽ ሆኖ ከቆየ በኋላ እንደገና የተገነባ ነው፤ ለእኔ ከውስጡ ይልቅ ከላይ የሚታየው ወንዝ ይበልጣል። ከጉድጓድ ክዳን ሥር አንገቱን ያወጣው ቹሚል የተባለ የነሐስ ሐውልት ጋ ለፎቶ ሰልፍ አለ። በ1913 የተጠናቀቀው ሰማያዊው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከመሃል ትንሽ ወጣ ስላለ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ አትዝለሉት።

ቅዱስ ማርቲን ካቴድራል ጋ ግን ቆም በሉ። ከ1563 እስከ 1830 የሃንጋሪ ነገሥታት ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። ቪየና ሾንብሩን ስትገቡ ስሟን የምትሰሙት ማሪያ ቴሬዛም በ1741 እዚሁ ነግሣለች። አሁን ከግድግዳው ጥቂት እርምጃ ላይ የኤስኤንፒ ድልድይ አውራ መንገድ ያልፋል። መንገዱ ሲሠራ የድሮው የአይሁድ ሰፈር ብዙው ክፍል ፈርሷል፤ ምኩራቡም አብሮ ጠፍቷል። በአንድ በኩል ካቴድራሉ፣ በሌላ በኩል የመኪናው ጩኸት። በ1972 የተከፈተው ድልድይ አናቱ ላይ የበራሪ ሳህን ቅርጽ ያለው ምግብ ቤት አለው፤ ከእሱ በላይ 95 ሜትር ከፍታ ላይ ከተማውን የሚያሳይ መመልከቻ ሰገነት አለ፤ መውጫው በክፍያ ነው።

ምግብ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የአገሩ ዋና ምግብ ብሪንዞቬ ሃሉሽኪ ነው፤ የድንች ሊጥ ቅንጣት በበግ አይብ። ላዩ ላይ የሚነሰነሰው የአሳማ ሥጋ ነው። ለሙስሊምም፣ አሳማ ለማይበላ ኦርቶዶክስም ስለማይሆን ስታዙ ቀድማችሁ ተናገሩ። አይቡ ብቻ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ከበድ ይላል እንጂ። ዓርብ ከሰዓት በፊት መድረስ ከቻላችሁ «ዴኔ ሜኑ» የሚባለውን የሥራ ቀን ምሳ ፈልጉ፤ ቅዳሜና እሁድ ከሚቀርበው በጣም ይረክሳል።

ኢኤስኤን በተባለው የልውውጥ ተማሪዎች ማኅበር በኩል የሚዘጋጁ ጉዞዎችም አሉ። ገና ማንንም ለማታውቁ ሰዎች ጥሩ መግቢያ ነው። ጓደኛ ካገኛችሁ በኋላ ግን በራሳችሁ ሂዱ፤ አምሳ ሰው ተሰልፎ ቹሚልን ፎቶ ሲያነሳ መጠበቅ ይሰለቻል።

እሁድ ጠዋት ለዴቪን ቤተ መንግሥት ተውት። ከኤስኤንፒ ድልድይ ሥር 29 ቁጥር አውቶቡስ ይወስዳል። በ1809 የናፖሊዮን ወታደሮች ያፈነዱት ፍርስራሽ ዳንዩብና ሞራቫ ወንዞች የሚገናኙበት ገደል ላይ ነው። ወንዙ ማዶ ኦስትሪያ ናት። እሁድ አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ ስለማይመጣ የመመለሻውን ሰዓት ስትወርዱ ፎቶ አንሱት።