ፊዚክስን ያስወደደኝ ቲቸር ሄደ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁም። 11ኛ ክፍል ነኝ። አምና ፊዚክስ ያስተማረን ቲቸር ቀመር ከመጻፉ በፊት "መጀመሪያ ሥዕሉን ሣሉ፣ ዕቃው ላይ የሚያርፈውን ኃይል ሁሉ በቀስት አሳዩ" ይለን ነበር፣ እና እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ የገባኝ ያኔ ነው። ዘንድሮ እሱ የለም። አዲሷ ቲቸር ክፉ አይደለችም፣ ግን ሰሌዳውን በቀመር ሞልታ ትወጣለች።

አሁን ቶርክ (ኃይል አንድን ነገር የማዞር አቅሙ) ላይ ተጣብቄያለሁ። በርን ማጠፊያው አጠገብ ስገፋው እንደሚከብድ፣ ጫፉን ስገፋው እንደሚቀል በእጄ አውቀዋለሁ፤ ቀመሩ ውስጥ የማዕዘኑ ሳይን (sin) ለምን እንደገባ ግን አልገባኝም። አንዴ እጄን አውጥቼ ስጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ ከዚያ ወዲህ ዝም ብያለሁ። በጣም የጎዳኝ ደግሞ የቅርብ ጓደኛዬም አብሮ መሳቁ ነው። በኋላ "ዝም ብለህ ሸምድደው" አለኝ። እኔ መሸምደድ አልፈልግም፣ ይሄን ትምህርት እወደዋለሁ!

እባካችሁ፣ ቲቸሯን ከክፍል ውጭ ለብቻዋ ባናግራት ቅር ይላት ይሆን? እንዴት ልጀምር? ጓደኛዬንስ እንደጎዳኝ ልንገረው ወይስ ልለፈው? ሳይኑንም በሥዕል የሚያስረዳኝ ካለ በጣም አመሰግናለሁ፣ ፈተናው የሚቀጥለው ሳምንት ነው።